ፕላዝማ፣ ኤልሲዲ እና የእማማ አስካለ ወንበር

ባለፈው ወር አየር ጤና ወረድኩና ቴሌቪዥን ገዛሁ። ስለ ቴሌቪዥኑ ብዙ የምለው የለኝም። ዘንድሮ ሁሉም ቀጭን ነው፣ ሁሉም ጥሩ ነው፤ ሻጩም «የቱን ላውርድልሽ?» ሲለኝ አንዱን በጣቴ አሳይቼው ወጣሁ፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ። ቤት ገብቼ ካርቶኑን ስቀደው ግን ያ ሽታ መጣ። ነጩ ፎም፣ አዲሱ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ደግሞ ጎማ ጎማ የሚል ነገር። ቢላዋውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፎሙን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ ስስበው ባለቤቴ ደርሶብኝ «ደህና ነሽ ግን?» አለኝ።

ደህና ነበርኩ። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቆሜ ነበር፤ አባዬ ልክ እንደዚሁ ካርቶን እየቀደደ «ማንም እንዳይነካ! ከምንጣፉ ወዲህ እንዳትመጡ!» እያለ ይጮህብናል።

የዛሬ ልጆች ቴሌቪዥን መግዛት ምን ማለት እንደነበር አይገባቸውም። እኛ ቤት በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ለሳምንታት የነበረው ወሬ አንድ ነው፤ ፕላዝማ ይሻላል ወይስ ኤልሲዲ? ሰው እየበላ ይከራከራል፣ እየታጠበ ይከራከራል፣ እንግዳ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «አንተስ የትኛውን ትመርጣለህ?» ይባላል።

ነገሩ የተጀመረው አሮጌው ቴሌቪዥናችን ሲሞት ነው። ሆዱ ወደ ኋላ የተነፋ፣ ሁለት ሰው ካልተሸከመው የማይነሳ፣ ከኔ በፊት እዚያ ቤት የገባ ቴሌቪዥን ነበር። ሳሎኑ ጥግ ቡፌው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እማዬ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ራሱ ላይ ደፍቶ ይኖር ነበር። ከፋሲካ በኋላ አንድ ምሽት ዜና እያየን ምስሉ ተጨማደደና አንድ ነጭ መስመር ሆነ፤ መስመሩ ነጥብ ሆነ፤ ነጥቡም ጠፋ። የእማዬ ወንድም ጋሼ ሙሌ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጠጋኝ ነው። በማግስቱ መጥቶ ጀርባውን ፈታ፣ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀና «በቃ፣ ነፍስ ይማር» ብሎ መልሶ ከደነው። እኔ የምሬን አለቀስኩ።

ከሁላችንም በላይ የደነገጡት ግን እማማ አስካለ ነበሩ። እማማ አስካለ ግቢያችን ውስጥ ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል የሚኖሩ የሰላሌ ሴት ናቸው። በሥጋ አንዛመድም። አባዬ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ማደሪያ ሲያጣ ቤታቸውን ከፍተው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። እሱም ነግዶ፣ አየር ጤና ላይ የሚስማርና የቀለም ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ሲገዛ እሳቸውን ይዞ ነው የገባው። «እናቴ ናቸው» ነበር የሚለው፤ ማንም ሌላ ነገር እንዲል አይፈልግም። ሳሎናችን ውስጥ የራሳቸው ወንበር ነበራቸው፤ ከበሩ የራቀ፣ ንፋስ የማይደርስበት፣ ውስጠኛውን ግድግዳ የተጠጋ ባለ መደገፊያ ወንበር። የክብር ቦታ ማለት እሱ ነው። እሳቸው ባይኖሩም እንኳ ማንም አይቀመጥበትም፤ አባዬም አይቀመጥበትም።

እማማ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ጌታቸው። ሐዋሳ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የእግር ኳስ የመስመር ዳኛ። በቴሌቪዥን የሚተላለፉትን ትልልቅ ጨዋታዎች ማጫወት የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ሳምንቱን ያስተምራል፣ ቅዳሜና እሁድ ባንዲራ ይዞ ይሮጣል፣ እንዲህ ሲል ከገና ወዲህ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ እናቱን አላየም። ይደውላል እንጂ። ለእማማ ግን ስልክ ምናቸውም አይደለም። «ፊቱን ካላየሁት ምኑን አገኘሁት?» ይላሉ።

ፊቱን የሚያዩበት ያ ቴሌቪዥን ነበር። ሰው ሁሉ ኳሱን ሲከተል እማማ ጠርዝ ጠርዙን ነበር የሚያዩት። ጌታቸው በሜዳው ዳር ሽው ሲል «ያውላችሁ! ያውላችሁ ልጄ!» ብለው ብድግ ይላሉ። ሦስት ሰከንድ ታይቶ ይጠፋል፤ እሳቸው ያችን ሦስት ሰከንድ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወሯት ይሰነብታሉ። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ሲሞት አባዬ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር «የጌቾ ጨዋታ እንዳያመልጣቸው አዲስ መግዛት አለብን» የሚል ነበር።

ጥሩ፤ ግን የትኛውን? ጋሼ ሙሌ ሽንጡን ገትሮ ፕላዝማ አለ። «ስማኝ ተክሌ» ይለዋል አባዬን፣ «ፕላዝማ ላይ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ኳስ ሲሮጥ ጭራ አያወጣም። ደግሞ ከየትም ዞረህ ብታየው ያው ነው፣ ከጎን አይጠፋም።»

አባዬ ነጋዴ ነው፣ በቀላሉ አይረታም። «እሱስ ይሁን፣ ግን እንደ ምጣድ ይግላል አሉ። መብራትም ይበላል። ፊቱ መስታወት ነው፣ የኛ መስኮት ደግሞ የከሰዓት ፀሐይ ነው የሚገባበት። ኳስ አያለሁ ብዬ የራሴን መላጣ ልይ?»

ሁለቱን አፍ ያስያዘቻቸው እማዬ ናት። ከጓዳ ብቅ ብላ «ይሄ ግድግዳ እኮ ጭቃ ነው!» አለች። «የሠርጋችንን ፎቶ እንኳ በስንት ጸሎት ነው የያዘው። ያንን የድንጋይ ክምር ስቀሉበትና አብሮ ይውረድላችሁ።»

እኔ ደግሞ ኤልሲዲ ነበርኩ፤ ምክንያቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜ ናቲ ዘጠነኛ ክፍል ነው። እነሱ ትምህርት ቤት ፕላዝማ ቴሌቪዥን ውስጥ ሆኖ የሚያስተምር ሰውዬ አለ፤ ናቲ በየቀኑ እያማረረው ነው የሚመጣው። «እንግሊዝኛውን እንደ ዝናብ ያወርደዋል። እጅሽን ብታወጪ አያይሽም። አልገባኝም ብትዪው አይሰማሽም። ሰዓቱ ሲደርስ ጥሎሽ ይሄዳል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ ፕላዝማ ከገባ ሰውዬው አብሮ ቤታችን ይገባል፣ ራት ላይ ሒሳብ ይጠይቀኛል ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ። ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «አምላኬ ሆይ፣ ኤልሲዲ አድርገው» ብዬ ጸልያለሁ። አባዬ አንድ ቀን ሊቀልድ «ሰኒ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲለኝ «ኤልሲዲ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ናቲን አስደንግጦት ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባዬ፣ ጋሼ ሙሌና እኔ አየር ጤና ሱቅ ሄድን። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ተሰቅለው ሁለቱም ላይ ያው የባሕር ዓሣ ይዋኛል። አባዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከኤልሲዲው ፊት ለፊት፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ተተክሎ ቆመ። ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ሙሌ ግን ሥራው አይደል፣ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ቁጢጥ ብሎ ከሥር ወደ ላይ ያንጋጥጣል። አፉ የማይደክመው ሻጭ እንኳ ወሬውን አቁሞ «ጋሼ፣ የወደቀብዎት ነገር አለ?» አለው።

ጋሼ ሙሌ ከተቀመጠበት ሆኖ «ተክሌ፣ ና ከዚህ ጋ እየው! ከጎን እየው!» አለ።

አባዬ ዞር እንኳ አላለም። «ለምን ከጎን አየዋለሁ? ቴሌቪዥን የሚታየው ከፊት ነው!»

ሻጩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ጋሼ ሙሌ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። ያ ክርክር በዚህ ተዘጋ፤ ኤልሲዲው ተገዛ። እስቲ አሁን አስቡት፤ ሳሎናችን ውስጥ ወንበሮቹ በሦስት ግድግዳ ዙሪያ የተደረደሩ ናቸው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቤት። ከፊት የሚቀመጠው ስንት ሰው ነው? ይህን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። እኔ የፕላዝማው ሰውዬ ስላልመጣብኝ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ ነበር።

ላዳ ተኮናትረን ስንመለስ ጋሼ ሙሌ እንዳኮረፈ ነው። «ለማንኛውም ተጠንቀቁ» አለ። «ኤልሲዲ መስታወቱ ውስጥ ፈሳሽ ነው ያለው።» ይህን ለኔ ማለት አልነበረበትም። ካርቶኑን ከኋላ ወንበር አቅፌ፣ ላዳው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «ቀስ ይበሉ! ይፈሳል!» እያልኩ ሹፌሩን አሥራ ስምንት ማዞሪያ እስክንደርስ ጨቀጨቅኩት። ሹፌሩ በመጨረሻ «የኔ እመቤት፣ ወተት ነው እንዴ የጫንሽው?» አለኝ።

አባዬ ቴሌቪዥኑን የሰቀለው ኮርኒሱ ሥር ነው። ከሱቁ ረጃጅም ብሎን አምጥቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ «ልጅ እንዳይነካው፣ እንግዳ ደግሞ ገና በር ላይ ሆኖ እንዲያየው» አለ። ሶኬቱ ያለው ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ስለሆነ የተሰቀለውም እዚያ ነው፤ የእማማ ወንበር በተጠጋው ግድግዳ፣ ከወንበሩ ትንሽ አለፍ ብሎ። እማዬ ዳንቴሏን ልታለብሰው ሦስት ጊዜ ሞከረች። ቀጭን ነዋ፣ የሚይዝላት ራስ የለውም፣ እየተንሸራተተ አባዬ ፊት ላይ ይወድቃል። በመጨረሻ ተናዳ ራዲዮኑን አለበሰችው።

ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል መጣ። እማማ አስካለ ወንበራቸው ላይ ተሰይመው እጃቸውን ዘርግተው «ክፉ ወሬ አያሰማችሁ፣ ደግ ደጉን እዩበት፣ ተክሌ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው መረቁ። አባዬ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «እማማ፣ እንዴት ነው ታዲያ? ይታይዎታል?» አለ።

«ምን ጥያቄ አለው፣ ግሩም ነው» አሉ።

ከዚያ ጨዋታው ጀመረ። እሁድ ከሰዓት በሆነ ቁጥር ቤታችን ይሞላል። ጌታቸው ብቅ ሲል ሁላችንም «እማማ፣ ጌቾ! ጌቾ!» እንላለን፤ እሳቸውም «አየሁት፣ አየሁት፣ ተመስገን» ይላሉ። ግን እንደ ድሮው ብድግ አይሉም፣ «ያውላችሁ» አይሉም። ሳምንቱንም ስለሱ አያወሩም። አንድ እሁድ ናቲ ተንኮሉ ተነሳበትና የሳሙና ማስታወቂያ እየታየ ሳለ «እማማ፣ ጌቾ!» አላቸው። የማስታወቂያዋ ሴትዮ አንሶላ ታጥባለች።

«አየሁት ልጄ፣ ተመስገን» አሉ እማማ።

ናቲ በሳቅ ሊሞት ደረሰ፣ ጥፊም ቀመሰ። አባዬ ግን ፊቱ ልውጥ አለ። «ዓይናቸው ደክሟል» ብሎ እማዬን ጓዳ ወስዶ አንሾካሾከላት። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ የዓይን ሐኪም ጋ ወሰዳቸው። ሐኪሙ «ለዕድሜያቸው ደህና ነው» ብሎ ለቅርብ የሚሆን መነጽር አዘዘላቸው። እማማ «ምንም አልሆንኩም» አላሉም፣ ተወስደው ታይተው መጡ። ቀጥሎ ባለው እሁድ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው «አየሁት፣ ተመስገን» አሉ። አባዬ በደስታ ጋሼ ሙሌን በክርኑ ጎሰመው።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እማማ በዚያው ሳምንት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ መነጽሩን አውልቀው፣ ምስር ሲለቅሙ አይቻቸዋለሁ። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጠጠር አንስተው ይወረውራሉ። ምስር ውስጥ ጠጠር የሚያይ ሰው እንዴት ጌታቸውን የሚያክል ሰው ያጣዋል?

መልሱን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። አንድ ከሰዓት ቤት ውስጥ ማንም የለም፣ እማዬ ገበያ ሄዳለች፣ እኔ ስኳር ሰርቄ ዘግኛለሁ። በሩ ሲንኳኳ መሸሸጊያ ጠፋኝና እማማ ወንበር ላይ ተወሽቄ ኩርምት አልኩ። የመጣው ሰው አንኳኩቶ አንኳኩቶ ሄደ። ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁት። ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው፣ ድምፅ አለ፣ ሰዎች ያወራሉ፣ ግን ምስል የለም። ጨለማ ነው። ጨለማው ውስጥ እንደ ጥላ የሚወዛወዝ ነገር አለ፣ ፊት ነው እንዳትሉት ፊት አይደለም። ብድግ ብዬ ወደ መሃል ሄድኩ፤ ምስሉ ጥርት ብሎ አለ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ጨለመ።

ወዲያው ገባኝ። በራሴ መንገድ ነዋ! ፈሳሹ ወደ አንድ በኩል ፈሷል። አባዬ አጣሞ ነው የሰቀለው።

ማታ እንደገባ «አባዬ፣ ቴሌቪዥኑ ጠሟል፣ ፈሳሹ ወደ አንድ ወገን ሄዷል» አልኩት። ሥራው ሲነካበት የማይወድ ሰው ነው። ከሱቁ ውሃ ልክ አስመጣ፤ ያችን አረንጓዴ ውሃና የአየር ኳስ ያላትን መለኪያ። መሰላል ላይ ወጥቶ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ አስቀመጣት። ኳሷ ድርቅ ብላ መሃል ቆመች። «አየሽ? እንደኔ ያለ ሰቃይ የለም» አለኝ። ወርዶ ደግሞ ፊት ለፊት ቆመና ለረጅም ጊዜ አየው። «እንደ ብርሌ የጠራ ነው!» አለ። እማማ ወንበር ላይ ሆነህ እየው እንዳልለው፣ አንቺ በምን አወቅሽ ይለኛል። ስኳሩም ይወጣል፣ መቀመጤም ይወጣል። አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ ግን አላስቻለኝም፣ እማማ ጋ ሄጄ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አልኩ። «እማማ፣ ከእርስዎ ወንበር ጌቾ አይታይም አይደል?»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ግራ ቀኝ አዩና «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ተቀምጬ አየሁት። ጨለማ ነው።»

«ውይ አንቺ ልጅ! ዝም በይ!»

«ለምን አይናገሩም? አባዬ ይቀይረዋል።»

«አባትሽ ለፍቶ ያመጣውን? እኔ አሮጊቷ ልቤን ሞላልኝ አልሞላልኝም ልበለው?»

«እንግዲያው ቦታ ይቀይሩ፣ መሃል ይምጡ።»

«ጉድ እኮ ነው! አክብረው ያስቀመጡኝን ጥዬ፣ ሰው ቤት ሆኜ ቦታ ላማርጥ? ድምፁን እሰማለሁ፣ ጋዜጠኛው ስሙን ሲጠራው እሰማለሁ፣ ይበቃኛል።» ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። «ማሪያምን በይ። ለማንም አልናገርም በይ።»

ማሪያምን አልኩ። እማማ ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። ኤልሲዲ ይሁን ብዬ የጸለይኩት እኔ ነኛ! ጸሎቴ ደርሶ ነው እማማ ልጃቸውን ያጡት። ከዚያ በኋላ ባሉት እሁዶች ሁሉ «አየሁት» ባሉ ቁጥር ጥፋቱ የኔ ይመስለኝና አንገቴን እደፋ ነበር።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ሰኔ ገብቷል፣ ጠዋት ዘንቦ ግቢው ጭቃ ሆኗል። አባዬ ነፍሱን የሚሰጥለት ባለ ሰማያዊው ቡድን ካሸነፈ ዋንጫ ይበላል። ጌታቸው በዋዜማው ደውሎ «እማዬ፣ ነገ እኔ ነኝ፣ በካሜራው በኩል ባለው መስመር ነው የምሮጠው፣ እንደ ልብሽ ታዪኛለሽ» ብሏቸዋል። ክረምቱን ደግሞ ለሥልጠና ስለሚሄድ እስከ መስከረም አይመጣም። እማማ ጠዋት ራሳቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን በመሐረብ እየወለወሉ መጡ። ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ጨዋታው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው መጣ፤ ሰፈሩ በሙሉ «እሰይ!» ብሎ ጮኸ። ቤታችን መተንፈሻ የለውም። ከፊት ያሉት ወንበሮች ላይ አባዬ፣ ጋሼ ሙሌና ሽማግሌዎቹ፣ በጎንና በበሩ በኩል ጎረቤት፣ መሃል ወለሉ ላይ እኛ ልጆች። እማማ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ጋዜጠኛው የዳኞቹን ስም መጥራት ጀመረ፤ ካሜራውም በየተራ ፊታቸውን ያሳያል። የጌታቸው ስም ሲጠራ ፊቱ ቴሌቪዥኑን ሞልቶ ወጣ። እንደዚያ ሆኖ ታይቶ አያውቅም!

ቤቱ ተናጋ። «እማማ! ጌቾ! ኧረ ጌቾ!»

እማማ ወደ ጨለማው ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «አየሁት፣ አየሁት፣ ተመስገን።»

«አላዩትም!»

እኔ ነኝ የጮህኩት። እንዴት ብድግ እንዳልኩ አላውቅም። «አላዩትም! ከዚያ ወንበር ጨለማ ነው! አንድ ቀንም አይተውት አያውቁም!» ማሪያምን ማለቴ ትዝ ሲለኝ ደግሞ እሪ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ልጅ ናት፣ አትስሟት» አሉ ቀስ ብለው።

አባዬ ተነሳ። በሰው መሃል እየተራመደ ሄዶ ከእማማ ወንበር ጎን ተንበረከከ። ጭንቅላቱን ከእማማ ራስ ጋር እኩል አድርጎ ወደ ላይ አየ። ብዙ ቆየ። ሲዞር ፊቱ ቀልቷል። «እማማ» አለ። «ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ድምፁ ጥሩ ነው እኮ፣ ተክሌ ልጄ።»

«የዓይን ሐኪም ጋ ስወስድዎት እንኳ?»

«መነጽሩ ለምስር ጠቅሞኛል።»

ጋሼ ሙሌ ከወዲያ «ከጎን እየው ብዬህ ነበር» ብሎ ጀመረ፤ እማዬ ባየችው አስተያየት ዋጠው። አባዬ ቴሌቪዥኑን ላውርደው ብሎ መሰላል ጠራ፣ ሰው ሁሉ «ጨዋታው ተጀመረ!» ብሎ ጮኸ። ወንበራቸውን እናምጣው ተባለ፤ እማማ አሻፈረኝ አሉ። «መሃል ወንበር ጎልቼ ሰው ልጋርድ?» ከዚያ ማንም ሳይጠብቅ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። መጥተው መሃል ወለሉ ላይ፣ እኛ ልጆች መካከል፣ ናቲ ከተቀመጠባት በርጩማ አስነስተውት ቁጭ አሉ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ በሕግ!» አሉ። እማማ አልሰሟቸውም፣ ቀና ብለዋል።

ጌታቸው በዳሩ ሲሮጥ አገጫቸው አብሮት ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። በመጨረሻ እጃቸውን ጭኔ ላይ አድርገው «ከስቷል» አሉኝ። ማሪያምን ስለማለቴ ምንም አላነሱም።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዜሮ ለዜሮ ነበር። ያኔ የኛ አጥቂ ኳሷን ይዞ ገባ፣ መታት፣ መረቡ ተነቃነቀ! ቤታችን ፈነዳ። አባዬ ጋሼ ሙሌን አቅፎ አነሳው፣ እማዬ እልል አለች፣ ናቲ እኔ ላይ ወደቀ። ከዚያ አንዱ «ባንዲራ! ባንዲራ!» አለ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ቆሟል። ጎሉ ተሻረ።

እንግዲህ ሃያ ሰው አንድ ላይ ሲሳደብ መስማት ነበር። «ሌባ!» «ምን ዓይነት ዳኛ ነው!» ከሁሉም በላይ የሚሰማው የአባዬ ድምፅ ነው። «ዕውር! አንተ ዕውር! ማን ነው ይህን ዕውር ባንዲራ ያስያ…» ብሎ ድንገት ቆመ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ቤቱ ሙሉ ዝም አለ። ሰው ሁሉ በርጩማዋን ያያል።

እማማ ዞር እንኳ አላሉም። ካሜራው ጌታቸው ላይ ቆሟል፤ ተጫዋቾቹ ከበውት ይጮሁበታል፣ አንዱ ደረቱን ይገፋዋል። እሱ ባንዲራውን አላወረደም።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። የጎሉ ድጋሚ ምስል ገና አልታየም። «ልክ ነው» አለ ለቤቱ ሁሉ። «ኦፍሳይድ ነው። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።» አባዬ ስለ ዳኛ ደግ ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እማማ ልጃቸውን እያዩ ነበር። «ኦፍሳይድ የምትሉት ምን እንደሆነ አላውቅም» አሉ። «ጌታቸው ነው ካለ ግን ነው።»

«ነው፣ እማማ» አለ አባዬ፣ ወለሉ ላይ አጠገባቸው ቁጭ እያለ። «ነው።»